በጸጸራት የታየው ሰው

ዓርብ ጠዋት፣ የአሥመራው እዳጋ ሓሙስ ገበያ ገና ሳይሞቅ፣ ሽንኩርት ሊያራግፉ የመጡ ተሸካሚዎች የአቶ ጠዓመን መጋዘን በር ገፋ ቢያደርጉት ተከፈተ። አልተቆለፈም ነበር። የመጋዘኑ ጠባቂ ሐጎስ ከሚዛኑ አጠገብ በጀርባው ተዘርግቷል። ፊቱ፣ ሽፋሽፍቱ፣ ጥቁር ካፖርቱ ሁሉ ዱቄት ለብሶ ነጭ ሆኗል። ከራሱ ሥር ያለው ብቻ ቀይ ነበር።

ሻምበል ረዳኢ ሲደርስ ሰዉ በሩን ሞልቶታል። ማዕረጉ ከተቀየረ ቆይቷል፤ የከተማው ሰው ግን በእንግሊዞቹ ዘመን እንደለመደው ዛሬም «ኢንስፔክተር» ነው የሚለው። ባርኔጣውን አውልቆ በልቡ «ነፍስ ይማር» አለና አጎነበሰ።

የሚዛኑ ከባድ ብረት ከሟቹ ራስ አጠገብ ወድቋል። ከሽንኩርቱ ጆንያ በስተጀርባ፣ እስከ ጣሪያ ድረስ፣ የዱቄት ኬሻ ተከምሯል። ከላይኞቹ አንዱ ተቀዶ አሁንም ቀስ እያለ ይፈስሳል። ዳቦ ጋጋሪዎች ዱቄት ጠፋ ብለው በራቸውን በዘጉበት ሳምንት!

በሩ አጠገብ አንድ የሻሂ ትሪ አለ። ብርጭቆው እንደሞላ በርዷል። ከሬሳው ጎን ደግሞ፣ በዱቄቱ ላይ፣ የሁለት ጉልበት ምልክት።

«ትሪው የማን ነው?» አለ ረዳኢ።

«የሑሴን ነው» አለ አንዱ ተሸካሚ። «የወሎው ሻሂ ሻጭ። ትናንት ማታ ሲሮጥ አይተነዋል፣ ኢንስፔክተር።»

ሑሴንን ፖሊሶች ያዙት። ፌርማታው ላይ ከሚስቱ ከረሒማና ከሁለት ልጆቹ ጋር አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር። የሸሚዙ እጅጌ ላይ የደረቀ ደም አለ።

እስር ቤቱ ውስጥ ረዳኢ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ጠይቆ ዝም የማለት ልማድ ነበረው። ዝምታውን ሊሞላ ሲል ብዙ ሰው ሳያስበው ይናገራል።

«ወላሂ ጌታዬ፣ እኔ ስገባ ወድቆ ነበር» አለ ሑሴን። «ሐጎስ ማታ ማታ ሻሂ ያዘኛል። በሩ ክፍት ነው። ተንበርክኬ አንገቱን ቀና አደረግሁት። ደሙ እጄን ሲነካኝ ጊዜ ልቤ ጠፋ።»

«ለምን አልጮህክም?»

«ለማን ልጩህ? የሰው አገር፣ የወሎ እስላም፣ እጄ ላይ የክርስቲያን ደም። ብጮህስ ማን ይሰማኛል?»

ረዳኢ እጅጌው ላይ ያለውን ደም አየ።

«ሮጥኩ። እግሬ ነው የሮጠው እንጂ ልቤስ እዚያው ነው የቀረው።»

ረዳኢ የሰውየውን ልብስ ከላይ እስከ ታች አየ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጭ ነው። ትከሻው ላይ ግን ምንም የለም። ፀጉሩም ጥቁር ነው።

የፖሊሱ አዛዥ ኮሎኔል እሸቱ ከሸዋ የመጣ፣ ድምፁ የሚቀድመው ሰው ነበር። ረዳኢ ያየውን ሲነግረው ሲጋራውን እያፍተለተለ አዳመጠ።

«ዱቄቱ ከላይ ነው የዘነበው፣ ጌታዬ። ሲዘንብ እዚያ የነበረ ሰው ከፀጉሩ ጀምሮ መንጣት አለበት።»

«ታጥቦ ይሆናላ!»

«እጅጌው ላይ ደም ትቶ ፀጉሩን?»

ኮሎኔሉ ይህን አልወደደውም። «ስማኝ ሻምበል። አቶ ጠዓመ ዛሬ ጠዋት እዚህ መጥቶ ቃሉን ሰጥቷል። ዱቄቱን አላውቀውም ነው የሚለው። ጠባቂውና ሻሂ ሻጩ ተሻርከው ለሽፍታ ያከማቹት ስንቅ ነው፣ ተጣልተው ሻሂ ሻጩ ገደለው ይላል።»

«እሱስ ሐሙስ ማታ የት ነበር?»

ኮሎኔሉ ከወረቀቶቹ መሐል አንዲት የጋዜጣ ቁራጭ አወጣ። በከተማው በእንግሊዝኛ ከሚታተመው ዕለታዊ ጋዜጣ የተቆረጠች ናት፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻ በአማርኛ ተተርጉሞ ተያይዞባታል። «አቶ ጠዓመ ትናንት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ በጸጸራት ቤታቸው ታይተው፣ በመጋዘናቸው ዱቄት የሚባል ነገር እንደሌለ ተናግረዋል» ይላል።

«ታይተው!» አለ ኮሎኔሉ ጠረጴዛውን እየመታ። «ሑሴን ሲሮጥ የታየው በዚያው ሰዓት አይደለም? ጋዜጣ የመሰከረለትን ሰው ልጠርጥር ትለኛለህ?»

«ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ሰኞ ጠዋት የጦሩ ካሚዮን ይመጣል። ለሽፍታ ስንቅ ያቀበለ የእኛ እስረኛ አይደለም፤ የእነሱ ነው።»

«ወደዚያ የሄደ ሰው ጌታዬ...»

«አውቃለሁ!» አለ ኮሎኔሉ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተም ብትሆን ተጠንቀቅ። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ እዚህ አገር ግድግዳው ሁሉ ጆሮ አብቅሏል። ያገሬው መኮንን ለሽፍታ ቀላቢ ጥብቅና ቆመ እንዳይሉህ።»

ረዳኢ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ግቢው በር ላይ ረሒማ ተቀምጣለች። ስታየው ተነሣች፤ ግን ምንም አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ይቀለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጸጸራት ሰፈር ወደሚገኘው የአቶ ጠዓመ ቤት ሄደ። በሩ ላይ የጥቁር ጨርቅ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። የሚስቱ የወይዘሮ ኣብርሄት እናት ሰገነይቲ ከተማ ሞተው፣ እዚያው ተቀብረው፣ ሐዘኑን ይዛ አሥመራ ከተመለሰች ገና ሳምንቱ ነው። ሶፋዎቹ ተነሥተዋል፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ትልቁ ራዲዮ ብቻ ከብዶ ይሆናል እዚያው ቀርቷል፤ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ጥቁር ነጠላ ለብሷል።

«ጽንዓት ይሃብኩም» ብሎ ጽናቱን ተመኘላቸው ረዳኢ፣ ፍራሹ ላይ ዝቅ ብሎ እየተቀመጠ። ያለዚያ ወሬ አይጀመርም።

«የቐንየለይ፣ ሓወይ» ብላ አመሰገነች ኣብርሄት። ጠጉሯን ተላጭታለች። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

ጠዓመ ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ለሐዘኑ ጺሙን አሳድጓል። «ሐጎስ ወንድሜ ማለት ነበር» አለ። «ምን ልበልዎ። ሐሙስ ማታ ከዚህ ቤት አልወጣሁም።»

«ማን አየዎት?»

«ጋዜጣው ጽፎታል እኮ!» አለና ፈገግ ሊል ብሎ የሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ተወው።

ረዳኢ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እትዬ ኣብርሄት?»

«እወ፣ ቤት ነበር» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

ሻሂ ቀረበለት። ጠጥቶ፣ ተሰናብቶ ወጣ። የሐዘን ቤት ውስጥ ከዚህ በላይ መጠየቅ አልቻለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ነገር ተሰማ። ሻዕባን የሚባል ተሸካሚ ረቡዕ ዕለት ሐጎስን «አንድ ቀን አንገትህን እሰብረዋለሁ» ብሎት ነበር፤ ከሐሙስ ወዲህ ደግሞ ገበያው ውስጥ አልታየም። ረዳኢ በሁለት ታክሲ ፖሊስ አስከትሎ ጥራቮሎ ሰፈር ድረስ ሲፈልገው አረፈደ። አንዲት ትንሽ ግቢ ውስጥ፣ እግሩ እስከ ታፋው በጀሶ ተጠፍንጎ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ አገኘው።

«አንተ ነህ አንገት የምትሰብረው?» አለው ረዳኢ።

«የራሴን እግር ሰበርኩ፣ ኢንስፔክተር! ሐሙስ ቀን፣ ከካሚዮን ላይ ወድቄ። ማታውን ሙሉ ሐኪም ቤት ስጮህ ነው ያመሸሁት፤ ነርሶቹን ጠይቅ፣ እስካሁን ጆሯቸውን ያማቸዋል።»

ነርሶቹም እንዲሁ አሉ። ግማሽ ቀን በከንቱ አለፈ። ሰኞ ቀረበ።

የጋዜጣው አዘጋጅ በእንግሊዞቹ የጦር አስተዳደር ጊዜ ከአንድ እንግሊዛዊ ሻምበል ሥራውን የተማሩ አዛውንት ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ረዳኢን ተቀበሉት።

«‹ታይተው› የሚለው ቃል ነው ያስቸገረኝ» አለ ረዳኢ። «ኮሎኔሉ ማየት ብቻ አድርገው ነው የተረዱት። በእንግሊዝኛው እንዴት ነው የሚባለው?»

«ሲን» አሉ አዛውንቱ፣ እንደሚያፈቅሩት ልጅ ስም። «ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ቃል ነው። የድሮ ጋዜጠኞች ግን ለራሳቸው ሥራ አዋሉት። ‹ሚስተር እገሌ፣ በቤታቸው ሲን፣ ይህን አሉ› ብለን ስንጽፍ፣ ጸሐፊው ሄዷል፣ በር አንኳኩቷል፣ ሰውየውን ፊት ለፊት አግኝቶ ጠይቆታል ማለት ነው። ለንደኖቹ ራሳቸው ዛሬ ትተውታል አሉ። እኔ አልተውኩትም።»

«በስልክ ያናገራችሁት ሲሆንስ?»

«በስልክ ከሆነ ‹በስልክ› ነው፤ የሚገባውም ውስጠኛው ገጽ ነው። ጸሐፊዬ ያላየውን ሰው የፊት ገጽ ላይ አላወጣም። የመሥሪያ ቤቴ ሕግ ነው።»

«እንግዲያው ኮሎኔሉ አልተሳሳቱም። ጸሐፊው ጠዓመን ቤቱ አግኝቶታል።»

«‹ሲን› ብሎ ከጻፈ ማለ ማለት ነው።»

ረዳኢ ሙሉውን እንዲያነቡለት ለመናቸው። አዛውንቱ ጋዜጣውን ዘርግተው፣ ጣታቸውን እያስከተሉ፣ እስከ መጨረሻው ወደ አማርኛ መለሱለት። ረዳኢ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀና አለ።

«እሱን ይድገሙልኝ፣ ኣቦይ።»

ደገሙለት። ረዳኢ መስመሩን በእርሳስ አሰመረበት። ጋዜጣውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጸሐፊው እንዲጠራለት ጠየቀ።

እያሱ ቀጭን፣ ክራቫቱ ሁልጊዜ የተስተካከለ ወጣት ነበር። ረዳኢ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን አናገረው።

«ሐሙስ ማታ ጸጸራት ሄደህ ነበር?»

«ሄጃለሁ።»

«አቶ ጠዓመን በዓይንህ አየኸው?»

«ጽፌዋለሁ እኮ» አለ እያሱ።

ረዳኢ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ጠበቀ። ወጣቱ ክራቫቱን ነካ፣ መስኮቱን አየ፣ እንደገና ክራቫቱን ነካ። ግን አፉን አልከፈተም። አላየሁትም ቢል አዛውንቱ ያባርሩታል፤ ዝም ቢል ሑሴን ይሞታል። ሁለተኛውን ግን እሱ አያውቅም።

«በዚህ ጽሑፍ ምክንያት አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት ካሚዮን ላይ ይወጣል» አለው ረዳኢ፣ በዝግታ። «የሁለት ልጆች አባት ነው። ቤቴ ጥራቮሎ ነው፤ ባለ ሰማያዊ በሩ። ከልብህ ጋር ከተማከርህ በኋላ ና።»

እሑድ ረዳኢ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲወጣ ጠዓመን ከወንዶቹ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሞ አየው። ጊዜ አላጠፋም። በእግሩ ጸጸራት ደረሰ።

ኣብርሄት ፍራሹ ላይ ናት። ሁለት አሮጊቶች አጠገቧ ተቀምጠዋል። ረዳኢ እንደገና ጽናቱን ተመኝቶ ዝቅ አለ። ሊያደርግ የመጣው ነገር አላማረውም፤ ሌላ መንገድ ግን አላገኘም።

«እትዬ ኣብርሄት፣ ጋዜጣው ስለ ቤትዎ የጻፈውን ሰምተዋል?»

«እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ። ጠዓመ ቤት ነበርክ ይላል አለኝ።»

«ሌላም ይላል።» ጋዜጣውን ዘረጋና አዛውንቱ የተረጎሙለትን በትግርኛ አለላት። «‹አቶ ጠዓመ ሰፊ ሶፋቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ ከትልቁ ራዲዮናቸው የሚመጣውን የጣልያን ሙዚቃ እያዳመጡ ሳለ...›»

«ምን አልክ?»

ረዳኢ ደገመላት።

አሮጊቶቹ ተያዩ። አንደኛዋ በእጇ አፏን ያዘች።

ኣብርሄት ከፍራሹ ላይ ብድግ አለች። «ሙዚቃ? በእናቴ ሐዘን? እናቴ አፈር ገና ሳይደርቅባት እኔ ቤት ሙዚቃ ተከፈተ ተብሎ አገር አነበበ? ማነው ይህን የጻፈ ሰው? ሐሙስ እዚህ ቤት እግሩ አልረገጠም! ሶፋው ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ጓዳ ነው፤ እነዚህ እናቶች ይመስክሩ! ራዲዮኑን በገዛ እጄ ነው ያዞርኩት! ሐሙስ ማታ ከእኛ ከሴቶቹ በቀር እዚህ ማን ነበረ? ጠዓመ ራሱ የመጣው ራት ካነሳን በኋላ አይደለም? ደጃፍ ላይ ቆሞ ልብሱን ሲያራግፍ...»

አቋረጠች።

ኣብርሄት ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ረዳኢ ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሣም። በዚህ ዝምታ ግን አልተደሰተም።

«በእናቴ ሐዘን ያዝከኝ» አለች በመጨረሻ።

«አዎ እትዬ። በእግዚአብሔር ፊትም እጠየቅበታለሁ።»

«ባሌ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቤት ነበር በይ አለኝ። ሰው መሞቱን አልነገረኝም። ዓርብ ከሰዓት አንተ ስትመጣ ነው ነገሩ የገባኝ። እሱም እንደገባኝ ገብቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አያየኝም።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከሥሩ ሆና ጠየቀችው፦ «ያ ሻሂ ሻጭ ልጆች አሉት?»

«ሁለት።»

አንደኛዋ አሮጊት «ተይ ልጄ፣ ተይ» እያለች ጉልበቷን ትደባብሳለች፤ ተይ የምትለው ለቅሶውን ይሁን ነገሩን አይታወቅም። ኣብርሄት ግን ተነሥታ ጓዳ ገባችና በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አምጥታ ረዳኢ ፊት አስቀመጠችው። የጠዓመ ጥቁር ባርኔጣ ነው። ካፖርቱን አራግፎታል፤ ባርኔጣውንም አራግፎታል። በሪባኑና በጨርቁ መካከል የገባው ዱቄት ግን እንደ ነጭ ክር ዙሪያውን ቀርቷል።

«ውሰደው። ስለ እናቴ ግን የዋሸውን ሰው፣ ያን የጋዜጣውን፣ ውሸት ነው ብሎ እንዲጽፍ አድርግልኝ።»

እያሱ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊውን በር አንኳኳ። ክራቫት አላሰረም።

«ጠዓመ ስልክ ነው የደወለልኝ» አለ ሳይቀመጥ። «ስለ ዱቄቱ ልጠይቀው መልእክት ትቼ ነበር። ሐሙስ ማታ ደወለና ‹ከቤቴ ነኝ፣ መጋዘኔ ባዶ ነው› አለኝ። በስልክ ብዬ ብጽፈው ውስጠኛ ገጽ ይጥሉብኛል፤ የፊት ገጽ አግኝቼ አላውቅም። ክረምት ላይ ቤቱ ሄጄ ነበር፤ ያኔ ሶፋው ላይ ሆኖ ራዲዮ ይሰማ ነበር። እሱኑ ጻፍኩት። ለቅሶው ሰገነይቲ ስለነበር አልሰማሁም።»

«ከቤቱ እንደሆነ አመንህ?»

እያሱ በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። «ኣይፋልን። ከጀርባው የካራምቡላ ኳሶች ሲጋጩ ይሰማ ነበር። ሰውም ይስቃል።»

«ኳስ ሲጋጭ እየሰማህ ሶፋ ላይ ደገፍ ብለው ብለህ ጻፍህ?»

«ጻፍኩ» አለ እያሱ። ፊቱ ተቃጠለ። «የሚሞት ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። የፊት ገጹ ብቻ ነው የታየኝ።»

ከመጋዘኑ አጠገብ የካራምቡላ ጠረጴዛና በጀቶን፣ በስልክ ሳንቲም፣ የሚሠራ ስልክ ያለው ቡና ቤት አንድ ብቻ ነው። ባለቤትዋ፣ ጽገ የሚሏት ሴት፣ ረዳኢን ስታይ እጇን በሽርጧ አበሰች። «ጠዓመ? እወ፣ ሐሙስ ማታ ከእኔ ጀቶን ገዝቶ ደውሏል። ወዲያው ወደ መጋዘኑ ነው የሄደው። ማን ጠየቀኝና ልናገር?»

ሰኞ ጠዋት ረዳኢ ግቢው ሲደርስ የካሚዮኑ ሞተር ይጮኻል። ሑሴን እጁ የኋሊት ታስሮ ከላይ ተቀምጧል። ረሒማ የካሚዮኑን ብረት ይዛ አልለቅም ብላ፣ አንድ ወታደር ጣቶችዋን አንድ በአንድ ያላቅቃል።

«አቁም!» አለ ረዳኢ።

«በማን ትእዛዝ?» አለው አሥር አለቃው።

ረዳኢ ትእዛዝ አልነበረውም። ሄዶ ካሚዮኑ ፊት ቆመ። አሥር አለቃው ሹፌሩን አየው፤ ሹፌሩም ረዳኢን አየው። ሞተሩ እየጮኸ ቆየ። ኮሎኔል እሸቱ በጩኸቱ ወደ በረንዳ ወጣ።

«አብደሃል፣ ሻምበል?»

«እዚህ ላይ ቆሜ አምስት ቃል ልናገር፤ ከዚያ ከፈለጉ እኔንም ይጫኑኝ።»

እያሱና ጽገ ከኋላው ቆመዋል። ረዳኢ የጠዓመን ባርኔጣ ዘረጋ። እያሱ ሁሉንም በኮሎኔሉ ፊት ተናገረ።

«ጋዜጣ ዋሸ ነው የምትለኝ?» አለ ኮሎኔሉ።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ እያሱ።

ኮሎኔሉ የባርኔጣውን ሪባን በጥፍሩ ገለጥ አደረገ። ነጩ ብናኝ ጣቱ ላይ ቀረ። ከዚያ ማንንም ሳያይ «አጥፋው ሞተሩን» አለ።

ጠዓመን ያመጡት ከቤቱ ነው። ባርኔጣውን ጠረጴዛ ላይ ሲያየው ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ። «ሐጎስ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ እናገራለሁ አለኝ» አለ። «ሕዝብ እየተራበ ይህን ስጠብቅ አላድርም አለ። ለመንኩት። ሊወጣ ዞር ሲል ብረቱን አነሣሁ። ሲወድቅ ክምሩን ያዘ፤ ላይኛው ኬሻ ተቀዶ በላያችን ዘነበ።» ሚስቱ ምን እንዳለች አልጠየቀም።

ሑሴንን ከካሚዮኑ ሲያወርዱት እግሩ አልሸከም አለው፤ ረሒማ በአንድ በኩል፣ ረዳኢ በሌላ በኩል ደገፉት። የታሰረበትን ገመድ ረዳኢ ራሱ ፈታለት። ሑሴን የእጁን አንጓ እያሻሸ ግቢውን፣ ሰማዩን፣ ሚስቱን አየ።

«ቤትህ ግባ» አለው ረዳኢ። «ልጆችህ ይጠብቁሃል።»

«ሐጎስን ማን ቀበረው?»

«ተሸካሚዎቹ። ቅዳሜ።»

«ዘመድ አልነበረውም» አለ ሑሴን። «እኔ ነበርኩ የማታ ጓደኛው። እኔ ሳልኖር ተቀበረ።» ትንሽ አመነታ። «የክርስቲያን መቃብር ነው። ብሄድ ይከለክሉኝ ይሆን፣ ጌታዬ?»

«ማንም አይከለክልህም። ሰውነትህ ይጠንክርና ነገ እወስድሃለሁ።»

«እስከ ነገ አልችልም» አለ ሑሴን። «ዛሬ ነው።»

ረሒማ ሻሿን ፈትታ የባሏን የደረቀ ደም ያለበት እጅጌ ሸፈነችለት። ረዳኢ የራሱን ባርኔጣ በብብቱ ይዞ ወደ መቃብሩ ፊት ፊት ሄደ፤ እነሱ ተደጋግፈው ቀስ እያሉ ተከተሉት።